የሚሸጥ፦ ሞዲፋይ የተደረገ ላንድክሩዘር 45 ፒካፕ፣ ሀዋሳ

የመክፈቻው ጽሑፍ

አንድ የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ በመኪና ወዳጆች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ረጅም የምላሽ ክርና ጠብ አስነሳ፤ እኔ ያነበብኩትን በምላሾቹ ተራ ቁጥር እነግራችኋለሁ። ሻጩ የሀዋሳ ሰው ነው፤ አቶቴ አካባቢ። ፎቶ አልሰሰተም። ከጎን፣ ከኋላ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ በጀርባ ተተኝቶ ከሥር፤ አንዷ ደግሞ ሐይቁ ዳር ጀምበር ስታዘቀዝቅ የተነሳች ናት፤ ይቺኛዋ ለገዢ ሳይሆን ለአማች የተላከች ትመስላለች።

መኪናዋ ላንድክሩዘር 45 ናት፤ ነጠላ ካቢና፣ ረጅም ሻንሲ፣ እሱ እንደጻፈው 1974 ሞዴል። ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው 2ኤች ሞተር ወርዶ 45ን ተክታ ከመጣችው ላንድክሩዘር 75 ፒካፕ የተነሳ 1ኤችዜድ ሞተር ተገጥሞላታል። ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ፣ ፓወር መሪ፣ ከፊት ዲስክ ፍሬን፣ ከፍ የሚያደርጋት ተጨማሪ ባሌስትራ፣ ዊንች፣ በኮፈኑ ጎን ሽቅብ የወጣ የአየር መሳቢያ አላት። ካሶኒው እዚያው ሀዋሳ በአዲስ ላሜራ ተሠርቷል፤ ቀለሙም የፋብሪካውን ክሬም ተከትሎ ተቀብቷል። ሻጩ ከሀዋሳ እስከ ሞያሌ እንዲህ ያለች ሁለተኛ እንደማትገኝ እርግጠኛ ሆኖ ጽፎ፣ አንድ ጥያቄ አክሏል፦ ከብሎን ጀምሮ እንደገና የተሠራች መኪና በአሮጌ ሒሳብ ነው የምትገመተው ወይስ በአዲስ? ዋጋዋን ግን በውስጥ መስመር እነግራለሁ ብሎ አለፈው። የጠቡ ግማሽ የመጣው ከዚህ ነው።

ምላሾቹ

1. የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ነው። ለእጁ ሥራ ምርቃት ሰጥቶ ሁለት ነገር ጠየቀ፦ ሰሌዳዋ ኮድ 2 (የግል) ነው ወይስ 3 (የንግድ)? ሊብሬውስ በሻጩ ስም ነው ወይስ አሁንም በቀድሞው ባለቤት ውክልና ነው የሚነዳት? ሻጩ ለኮዱ ብቻ መለሰለት፤ 3 ነው። ሊብሬውን ዘለለው። ያኔ ማንም ልብ አላለም።

2፣ 4 እና 5. ዋጋ። ሦስቱም የጻፉት ይችኑ ብቻ ነው፤ 5ኛው የጥያቄ ምልክቱን አበዛበት።

3. ይሄ ሰው ገና ሲገባ ሰይፉን መዝዞ ነው። በ1974 የ2ኤች ሞተር የሚባል ነገር በዓለም ላይ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ናፍጣ 45 ይዛ የምትመጣው 3,576 ሲሲ የሆነውን ኤች ሞተር ነበር፤ 2ኤች የመጣው በ1980 ነው ይላል። ስለዚህ ወይ ሻጩ ይዋሻል፣ ወይ መኪናዋን የሸጡለት ሰዎች ዋሽተውታል። ያነሳቸው ቁጥሮች ሁሉ ልክ ናቸው።

6. ሻጩ ተናዶ ተመለሰ። 1974 ያለው በኛ አቆጣጠር ነው፤ ሊብሬው ላይ 1982 ይላል፤ መኪናዋም በፋብሪካ ስሟ ኤችጄ47 ናት፤ ሰው 45 ብሎ ቢጠራትም ይቺ ከ2ኤች ጋር የተወለደች ናት። እውነቱን ነው። 3ኛው ግን ይቅርታ አልጠየቀም፤ መኪና የሚሸጥ ሰው ሊብሬው ላይ የሰፈረውን ዓመት እንዲጽፍ መክሮ ሄደ። እኔም በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ። የመለዋወጫ ካታሎግ በእኛ ዘመን አቆጣጠር አልታተመም፤ ስምንት ዓመት የሚያሳስት ዓመት ይዞ ዕቃ ቤት የሄደ ሰው የሌላ መኪና ፍሬን ሸራ ታቅፎ ይመለሳል።

7. ከዚህ በኋላ አንድ አባት ገቡ፤ ለቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ። ከመድረኩ ሁሉ ደስ ያለኝ የእሳቸው ጽሑፍ ነው፤ ረጅም ነው፤ አንድም አራት ነጥብ የለውም። በኅዳርና በታኅሣሥ ከአለታ ወንዶ በላይ ካሉት ቀበሌዎች እሸት ቡና በ45 ሲያወርዱ እንደነበር ያወራሉ። እሸቱ በዚያው ሌሊት ካልተፈለፈለ ይበላሻል፤ ስለዚህ ዝናብ ጣለ ተብሎ የሚታደርበት ነገር የለም። ቀዩ ጭቃ ጎማውን ሞልቶ ለስላሳ ሲያደርገው የኋላው ላይ ሰንሰለት ይታሰራል። ፎር ዊል ለማስገባት መጀመሪያ ወርዶ በፊት ጎማዎቹ እምብርት ላይ ያለውን መቆለፊያ በእጅ ማዞር ያስፈልጋል። ጀማሪ ሾፌር ይህን ይረሳል፤ ካቢና ውስጥ ማርሹን ስቦ ፎር ዊል ገባሁ ይላል፤ የፊት ጎማው ግን ዝም ብሎ ይከተላል እንጂ አይጎትትም። እሳቸው ረዳታቸውን ጭቃ ውስጥ እያወረዱ ይህን እንዳስተማሩት፣ ልጁም በኋላ ከእሳቸው የተሻለ ሾፌር እንደወጣው ጽፈዋል።

ስለ ሞተሩ የሰጡት አስተያየት ደግሞ ከጨዋታቸው በላይ ጠቃሚ ነው። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ። ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይጥላል። 2ኤች ሲፈጥረው 100 የፈረስ ጉልበት ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ 1ኤችዜድ 130 ገደማ አለው። ሜዳ ላይ ሁለቱም ይሄዳሉ። ዳገቱ ላይ ግን የመጀመሪያው በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት ሌላው በሦስተኛ ይወጣል። 2ኤች መንገድ ላይ ጥሏቸው እንደማያውቅም አልሸሸጉም፤ ዘገምተኛ ግን ታማኝ ነበር።

8. አንድ ወጣት ጋሼ እያለ ካመሰገናቸው በኋላ 1ኤችዜድን ሰማይ አደረሰው። ዘይት ብቻ እየቀየሩ ዕድሜ ልክ የሚነዱት ሞተር ነው፤ ውስጡ ሁሉ በጥርስ የሚዞር ስለሆነ የሚበጠስ ነገር የለውም ይላል።

9. ይርጋለም ያለ መካኒክ ይህን አላሳለፈውም፤ ረጋ ብሎ አረመው። በጥርስ የሚዞረው 2ኤች ነው። 1ኤችዜድ የታይሚንግ ቺንጋ አለው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ከተበጠሰ ፒስቶኑ ቫልቮቹን ያገኛቸዋል፣ ከዚያ ቴስታታ፣ የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ ማውረድ ነው። ቀጥሎ ያነሳው ነጥብ የዚህ ሁሉ ውይይት ፍሬ ነገር ይመስለኛል፤ ከሌላ መኪና የመጣ ሞተር ስንት እንደሄደ የሚናገር ቆጣሪ የለውም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር የ45ቷ ነው፤ የሞተሩ ታሪክ 75ቷ ጋር ቀርቷል። ስለዚህ ገዢው ሻጩ ምንም ቢለው ቺንጋውን፣ መወጠሪያውንና የውሃ ፖምፓውን በገዛበት ሳምንት ይቀይር። አያይዞም ባትሪው 12 ቮልት ነው ወይስ 24 ብሎ ጠየቀ፤ ሁለቱም ዓይነት ወደ አገር ስለገባ፣ ካንዴሌታ (ሞተር ማሞቂያ) እና ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) ተደባልቀው የተገጠሙባቸው መኪኖች እጁ ላይ እንደሚወድቁ ገልጿል።

10. ሻጩ ቺንጋው ሞተሩ ሲገጠም ተቀይሯል ብሎ የካርቶኑን ፎቶ ለጠፈ። ባዶ ካርቶን የሚያስረዳው ካርቶን መገዛቱን ነው። ቮልቱ 12 ነው አለ፤ ይሄ ቢያንስ ግልጽ መልስ ነው።

11፣ 12 እና 13. እዚህ ጋ ቱርቦ መጣ። 11ኛው ይህን ሁሉ ከለፉ ለምን ቱርቦ አልጨመሩበትም ብሎ በቅንነት ጠየቀ። 12ኛው እንደ መምህር መለሰ፤ 1ኤችዜድ ከፋብሪካ ያለ ቱርቦ የወጣ ነው፤ ናፍጣው መጀመሪያ የሚቃጠለው ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ስለሆነ ሙቀቱ እዚያው ይከማቻል፤ አየር ሲጨመርበት ናፍጣም ይጨመራል፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል፣ ፒስቶን ይሄዳል። ቶዮታ ራሱ ቱርቦ ሲፈልግ 1ኤችዲ የሚባል፣ ናፍጣውን በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ የሚረጭ ሌላ ሞተር ሠራ እንጂ በዚህኛው ላይ አልገጠመም። 13ኛው ከሻሸመኔ ነው፤ የሱ ፒካፕ ቱርቦ ከተገጠመላት ዓመታት አልፈዋል፤ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ፣ ማርሚታው ላይ ሙቀት መለኪያ አስገብቶ፣ መርፌው ሲወጣ እግሩን እያነሳ ይነዳታል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ስለ ሞተር ሳይሆን ስለ አንዱ ትምህርትና ስለ ሌላው ዕድል መነጋገር ጀመሩ፤ ስድቡ ላይ አልቆይም። እንዳነበብኩት ግን ሁለቱ አልተቃረኑም። አንዱ እግሩን የማያነሳ ሾፌር ምን እንደሚገጥመው ነው የተናገረው፤ ሌላው እግሩን የሚያነሳ ሾፌር ነው። ለሌላ ሰው ለሚሸጥ መኪና ግን 12ኛው ያለው ይበልጣል፤ ቀጥሎ መሪውን የሚይዘው ሰው እግሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሻጩ አያውቅም።

14 እስከ 16. ከዚህ ወዲያ መስመሩ ጠፋ። የላንድሮቨር ወዳጅ የሆነ ሰው 45 ሲዝግ ላንድሮቨር እንደማይዝግ አስታወሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ስትወጣ ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት ስለጠፋ አካሏ ከአሉሚኒየም ተሠራ፤ ዛሬም ገበሬ ቤት በር ላይ ቆማ ትታያለች። አንዱ ሻንሲዋ ግን ብረት እንደሆነና ከሥር በልቷት እንደሚያልቅ ጨመረ። ሌላው የደርግ ዘመኗን የሶቪየት ጂፕ፣ ዋዝን፣ አመጣ፤ መርፌ ቁልፍና መዶሻ ካለ ዋዝ ትነሳለች ብሎ ተከራከረ። አንዱ የመጀመሪያዋ የቶዮታ ጂፕ እ.ኤ.አ. በ1951 የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ መውጣቷን ጠቅሶ ውይይቱን ወደ ላንድክሩዘር መለሰው። ከመሃል አንድ ሰው ደግሞ በሐይቁ ፎቶ ላይ ከኋላ የሚታየው የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ከሆነ ዓሣው አሁንም በጥሬው ይሸጥ እንደሆነ ጠየቀ። ይሸጣል።

17. ሻጩ በመጨረሻ ዋጋውን አወጣ፤ ያወጣው ግን ተገዶ ነው። በውስጥ መስመር የጠየቁት ሰዎች እርስ በእርስ ተነጋግረው ለአንዱ 3 ሚሊዮን 600 ሺህ፣ ለሌላው 4 ሚሊዮን እንዳለ ደረሱበት። 3 ሚሊዮን 600 ሺህ ነው፤ ጫፍ ነው፤ ደላላ አይደውል ብሎ ጻፈ።

18. አንድ ሰው በሳቅ ምልክት ብቻ ሞላው።

19. ይሄኛው ግን ሳቁን ወደ ሒሳብ ቀየረው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ የጣለው ታክስ ያገለገለ መኪና ከውጭ የማስገባቱን ንግድ አብዛኛውን አስቆመው፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ እንደወሰነ ተናገረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለ፣ ብረቱ የጠነከረ፣ ዕቃው የሚገኝለት መኪና ከዓመት ዓመት ወደ ላይ ነው ይላል። የ1ኤችዜድ ዕቃ ከቶዮታ ወኪሉ ሞኤንኮ እስከ መርካቶ ስለማይጠፋ የሞተሩ መቀየር ዋጋ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ለሻጩ ጥያቄ በቀጥታ የመለሰለት እስካሁን ይሄ ሰው ብቻ ነው፤ በአዲስም በአሮጌም ሒሳብ አይገመትም፤ ሥራ ላይ ስንት ዓመት ይቆያል በሚለው ይገመታል።

20. አንድ ሰው በዚህ ብር ኤሌክትሪክ ፒካፕ መግዛት አይሻልም ወይ አለ። ከበንሳ የመጣ መላሽ መብራት ስንት ቀን እንደሚጠፋ በአጭሩ ነገረው። ይሄ የበንሳ ሰው እውነተኛ ገዢ ሆኖ ተገኘ፤ ቡና ሰብሳቢ ነው፤ ከዳዬ ወዲያ ላሉት መንገዶች መኪና ይፈልጋል፤ ቅዳሜ መጥቶ እንደሚያያት ጻፈ።

21. እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከረረው። አዳማ ሆኖ የሚጽፍ የቦዲ ባለሙያ ከሥር የተነሳውን ፎቶ አጉልቶ አይቷል። የፓወር መሪው ሳጥን የተያዘበት ቦታ በኋላ የተበየደ ሳይሆን ከሻንሲው ጋር የተወለደ ይመስላል፤ የባሌስትራው መያዣም የ45 አልመሰለውም። ሰው መወንጀል እንደማይፈልግ አስቀድሞ ተናግሮ አንድ ቀላል ነገር ጠየቀ፤ ሻጩ ሜትር ይያዝና ከፊት ጎማው መሃል እስከ ኋላ ጎማው መሃል ይለካ። የረጅሟ 45 ልክ 2,950 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ75 ፒካፕ 2,980። ሦስት ሳንቲ ሜትር ናት፤ ግን የመኪናዋ መታወቂያ እዚያች ውስጥ አለ።

ይህን ሳነብ 1ኛው መላሽ ትዝ አለኝ። ሊብሬውን ጠይቆ ነበር።

22. ሻጩ ለካ። 2,975 መጣ።

23. ይሄ ቁጥር ማንንም አላስታረቀም። ሦስት ሰዎች ተከታትለው ተከራከሩበት። አንደኛው 2,975 ለ75 ይቀርባል፣ አለቀ ይላል። ሁለተኛው ከፍ ለማድረግ የተጨመረ ባሌስትራና የረዘመ መያዣ ጎማውን ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ሊገፋው እንደሚችል ያስረዳል፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል በዚህ ብቻ ይመጣል። ሦስተኛው ጎማውን ቀጥ ሳያደርግ ለክቶት ይሆናል ባይ ነው። የይርጋለሙ መካኒክ ተመልሶ ሜትሩን ጣሉት አለ። ቁጥሩ ሻንሲው ላይ ተመትቷል፤ በቀኝ በኩል፣ በፊት ጎማው አካባቢ፣ ብረቱ ጎን ላይ። ጎማውን አዙሮ በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ ቢያጸዳው ይነበባል። ኤችጄ47 ብሎ ከጀመረ ክርክሩ ያበቃል፤ ኤችዜድጄ75 ካለም ያበቃል። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ ግን ማንም እንዳያምናት አስጠነቀቀ፤ በብሎን የተያዘች ስለሆነች ከአንዱ ካቢና ወደ ሌላው በደቂቃ ትሄዳለች።

24. የበንሳው ሰው ቅዳሜን ሰረዘ። ቁጥሩን በፎቶ ሲያይ ይመጣል።

25. የሚጠበቀው መጣ። አንድ ሰው ይቺ መኪና የተሰረቀች ናት፣ ሻንሲው ከሥር በሬንጅ የተቀባው ቁጥሩን ለመደበቅ ነው፣ ፖሊስ ይጠራ ብሎ ጻፈ። ሬንጅ መቀባቱ ፎቶው ላይ ይታያል። ነገር ግን ሀዋሳ ውስጥ ከሥር ሬንጅ ያልተቀባ የገጠር መኪና ስንት ይገኛል?

26. ጡረተኛው አባት ተመለሱ። ልጆቼ ብለው ጀምረው፣ በማያውቁት ሰው ላይ ሌባ የሚል ቃል መጣል ነውር መሆኑን ለ25ኛው በለሆሳስ ነገሩት። ከዚያ ወደ ሻጩ ዞረው እንደ አባት ጠየቁት፤ የመጀመሪያው ሻንሲ የት ሄደ? የመጀመሪያው ሞተርስ? መኪና ያፈረሰ ሰው ያወረደውን ዕቃ አይረሳም። ስማቸውን የጠራ የለም፤ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የሚያልፋቸው፤ ከእሳቸው ጽሑፍ በኋላ ግን ስድቡ ቆመ።

27. ሻጩ ለሁለት ቀን ጠፋ። ሲመለስ የተጸዳውን ብረት ፎቶ ይዞ መጣ። ኤችዜድጄ75 ይላል።

ማብራሪያው ረጅም ነው፤ እኔ አምኜዋለሁ። የ45ቷ ሻንሲ ከካሶኒው ሥር ተሰንጥቆ፣ ተበይዶ፣ እንደገና ተሰንጥቆ ነበር። አንድ ድርጅት ተጋጭታ ካቢናዋ የተጨፈለቀ 75 በጨረታ ሲሸጥ እሱ ገዛ፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ዲስክ ፍሬኑ፣ መሪው ሁሉ ከእሷ ነው። በመጀመሪያ ያሰበው ዕቃውን ወደ 45ቷ ሻንሲ ማዛወር ነበር፤ ጋራዡ ግን የደከመ ሻንሲ ላይ ጠንካራ ሞተር መጫን ከንቱ ልፋት መሆኑን መክሮት የ45ቷን ካቢና ነቅለው 75ቷ ላይ አስቀመጡት። የጨረታው ደረሰኝ በእጁ ነው። የ45ቷን ሻንሲ ቆራርጦ ለቁራሌው ሰጠው። 2ኤች ሞተሩ ጓሮው ውስጥ ሸራ ለብሶ አለ። ሊብሬው ላይ ያለው አሁንም የ45ቷ ሻንሲና የ2ኤች ሞተሩ ቁጥር ነው።

በመካኒክ ዓይን የተደረገው ሁሉ ትክክል ነው፤ እንዲያውም የተሻለው መንገድ ነው። ጠንካራ ሻንሲ፣ ለእሱ የተሠራ ሞተር፣ የሚይዝ ፍሬን። ችግሩ በወረቀቱ የተመዘገበችው መኪና ተቆራርጣ ለቁራሌው ተሰጥታ፣ መንገድ ላይ ያለችው ደግሞ በማንም መዝገብ አለመኖሯ ነው። ውልና ማስረጃ ፊት የሚፈረመው ሊብሬው ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው፤ ገዢው 3 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ከፍሎ በውሉ የሚረከበው ቁራሌው የወሰደውን ብረት ነው ማለት ነው።

28. ከዚህ በኋላ የመጣው መላሽ ሕጉን የሚያውቅ ነው፤ ቢሮ የሠራ ይመስላል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002ን ጠቅሶ፣ ሞተር፣ ሻንሲ ወይም አካል የቀየረ ባለቤት ለመዘገበው አካል አሳውቆ ማስፈቀድና ማስመዝገብ እንዳለበት አስረዳ። ሻጩን አልወቀሰውም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ብቻ ነገረው። መጀመሪያ የጨረታው ደረሰኝና ርክክብ፤ ቀጥሎ የ75ቷ የቀድሞ ባለቤት ሰሌዳዋን መመለሱንና ፋይሏ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ፤ ድርጅቱ ከቀረጥ ነፃ ያስገባት ከነበረ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ። በድርጅት ጨረታ የተገዛ መኪና ላይ ሰው ሁሉ የሚረሳው ይህን የመጨረሻውን ነው አለ። እነዚህን ይዞ ከመሸጡ በፊት ለክልሉ ትራንስፖርት ቢሮ ምርመራ ይጠይቅ፤ ከሸጠ በኋላ ግን ችግሩ ወደ ገዢው ይዞራል፣ ገዢውም ወደ እሱ ይዞራል። ኮድ 3 ስለሆነች ደግሞ ለስም ዝውውሩ የግብር ክሊራንስ እንደሚጠየቅ አልረሳም።

29. 25ኛው ይህን ካነበበ በኋላ ተመልሶ ሌባ የሚለውን ቃል አነሳ። በምትኩ ስለ ኢንሹራንስ ጠየቀ፤ እንዲህ ያለች መኪና ሰው ብትገጭ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ይከፍላል? ሕግ አዋቂው መልሱ እንደ ፖሊሲው እንደሆነ፣ ቁጥሯ ከወረቀቷ የማይገጥም መኪና ይዞ ካሳ መጠየቅ ግን ለድርጅቱ በር መክፈት መሆኑን ነገረው። ይህች ጥያቄ ከስድቡ ሁሉ ትበልጣለች።

30. 19ኛው፣ የሒሳቡ ሰው፣ ግምቱን አሻሻለ። ወረቀቷ ተስተካክሎ 75 ተብላ ከተመዘገበች የሻጩ ዋጋ አይበዛም፤ ሳይስተካከል ግን ዋጋዋ የዕቃዎቿ ድምር ነው። 3ኛው መጥቶ ከተስተካከለ በኋላስ 45 ናት ብሎ መሸጥ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ለሊብሬው 75፣ ለዓይን 45። የድሮ መኪና ሰብሳቢ በዚህ ይቀየማል፤ ቡና ሰብሳቢ ግን ግድ የለውም። ይቺ ደግሞ የሥራ መኪና ናት፤ እኔ ብሆን አይጨንቀኝም።

31. የበንሳው ሰው ግድ እንደሌለው ራሱ አረጋገጠ። ካቢናዋ የየትኛዋ እንደሆነ አይጠይቅም፤ ጭነት ይዛ ጭቃ ትውጣ፣ ኬላ ላይ አታቁመው። ቢሮው እስኪጨርስ የሚጠብቀው ግን እስከ መስከረም ነው፤ ከዚያ እሸት ይገባል። ቀብድ አልሰጥም ብሏል። ሻጩ ቅር ያለው አይመስልም፤ ፋይሉን ማስገባት መጀመሩን ጽፎ ማስታወቂያውን ለጊዜው አንስቷል። የቀድሞው ድርጅት ደብዳቤ እስኪጽፍለት ይጠብቃል።

32. ማስታወቂያው ተነሥቶ እንኳ ክሩ አልተዘጋም። ዲላ ያለ ሰው ከሁሉ በኋላ መጥቶ ስለ ፒካፗ አንድም ነገር አልጠየቀም። ሸራ ስለለበሰው 2ኤች ነው ጥያቄው። የእሱ 45 ሻንሲዋ ጤነኛ ነው፤ ሞተሯ ግን ዘይት ይበላል። ሞተሩ በእጅ ሲዞር ይዞራል? ኢንጀክሽን ፖምፓው አብሮት አለ? ቁጥሩስ ይነበባል?

33. ሻጩ ይዞራል፣ ፖምፓውም አለ፣ ቁጥሩም ይነበባል አለ። ሞተሪኖው ብቻ የለም። የይርጋለሙ መካኒክ ከመሃል ገብቶ፣ የሞተሩ ቁጥር አሁንም በሻጩ ሊብሬ ላይ ስላለ ቢሮው ያንን ሳያነሳለት እንዳይሸጠው፣ አለበለዚያ ከዲላም ሌላ እንዲህ ያለ ክር እንደሚከፈት አሳሰበ። የዲላው ሰው እጠብቃለሁ አለ፤ እስከዚያ ግን እሑድ መጥቶ ሸራውን ገልጦ ማየት ይፈልጋል።